ከጳጉሜን 6 እስከ የካቲት 30፦ የአንድ ቁራጭ ኮድ ታሪክ

ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ሁሉ የማይለየው አንድ ፋይል አለው። ከመጻሕፍት፣ ከጓደኛ፣ ከኢንተርኔትና ከራስ የሌሊት ሙከራ የተለቀሙ አጫጭር ኮዶች የሚከማቹበት ነው፤ አንዳንዱ ሦስት መስመር፣ አንዳንዱ አርባ መስመር ይሆናል። በእኛ ትምህርት ክፍል «ቁራጭ» እንላቸው ስለነበር በዚህ ጽሑፍም በዚሁ ስም እጠራቸዋለሁ። የእኔ ፋይል የተጀመረው በ2010 ዓ.ም.፣ የቅድመ ምረቃ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ሲሆን ያስጀመረኝ እጦት ነው። የላቦራቶሪው ኢንተርኔት ሲመጣና ሲሄድ ይውል ስለነበር፣ በመጣ ጊዜ ያገኘሁትን ቀድቼ በፍላሽ መያዝ፣ በሄደ ጊዜ ደግሞ ከፍላሹ መሥራት ልማድ ሆነብኝ። ከዓመት በኋላ ፋይሉ የእኔ ብቻ መሆኑ ቀረ። ጓደኞቼ ይጠይቁኛል፣ እኔም እልካለሁ፤ ቆይቶም በትምህርት ክፍላችን የቴሌግራም ቡድንና በጊትሃብ ላይ አኖርሁት። ለሌላው የማካፍለው ነገር በማግኘቴ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ደስታ በግልጽ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኋላ ለደረሰው ነገር አንዱ መነሻ እርሱ ነበርና።

በፋይሉ ውስጥ ከነበሩት ቁራጮች አብዛኞቹ በየትኛውም አገር የሚገኙ ናቸው፤ ምስል ከስልክ ስፋት ጋር እንዲስማማ ማድረግ፣ ቅጽ ሳይሞላ እንዳይላክ መከልከል፣ የመሳሰሉት። ዋጋ የነበራቸው ለአማርኛና ለኢትዮጵያ ሁኔታ የተጻፉት ነበሩ። በጃቫስክሪፕት የቃል ፊደላትን ለመፈለግ የሚሠራበት የተለመደው አጭር ምልክት የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችንና የግርጌ ሰረዝን ብቻ ስለሚያውቅ፣ በአማርኛ የተጻፈ ስም ሲቀርብለት ምንም ፊደል እንደሌለበት ይቆጥረዋል። ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ አስገብቷል፤ ይሁንና አንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ ርዝመትን በባይት የሚቆጥር መዝገብ 30 ባይት ሲፈቅድ ለላቲን ጸሐፊ 30 ፊደል፣ ለእኛ ግን 10 ፊደል ብቻ ይሰጣል፤ «ወልደ ኪዳን» የመሰለ ስም ከአባት ስም ጋር ሲገባ መሐል ላይ ይቆረጣል። እንዲህ ያለውን ችግር አንድ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ታግሎ ከፈታው በኋላ ሌላው ደግሞ ያንኑ ቀን እንዲያባክን መተው ንፉግነት ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬም ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከአንድ አጭር ቁራጭ ነው። ሥራው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ማምጣት ነበር፤ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። ያለዚህ አማርኛ ፍለጋ አይሠራም፤ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈና «ጸሀይ» ብሎ የፈለገ አይገናኙም። እኔ ከላዩ ላይ ያኖርሁት ማብራሪያ «ሞክሼ ፊደላትን አንድ ያደርጋል» የሚል ብቻ ነበር። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ወስዶ የሰዎችን ስም በሚያስቀምጠው ክፍል ላይ አዋለው፤ ማለትም ፍለጋው ላይ ሳይሆን መዝገቡ ላይ። በማግሥቱ «ዓለም» ሁሉ «አለም»፣ «ሣህሉ» ሁሉ «ሳህሉ» ሆኖ ተገኘ። ሠረቀ ማለት ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ሰረቀ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መጠባበቂያ ቅጂ ስለነበረ ሥራው ሁለት ሰዓት ብቻ ፈጀ፣ ስቀንም አለፍነው። ማብራሪያው ላይ «ለፍለጋ ብቻ» የሚሉ ሁለት ቃላት ብጨምር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር። ያን ዕለት ሁለቱን ቃላት ጨመርሁ፤ የቀሩትን ቁራጮች ግን በዚያ ዓይን መለስ ብዬ አላየኋቸውም።

ከእነዚያ መካከል አንዱ የጎርጎርዮስን ቀን ወደ ኢትዮጵያ ቀን የሚቀይረው ነበር። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከአንድ የቆየ ፕሮግራም ውስጥ አግኝቼ አሳጥሬ አስቀመጥሁት። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ ወደድሁት፤ 13 ቁጥሮች ያሉት አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የእኛ ወር መባቻ በእነርሱ ወር ስንተኛው ቀን ላይ እንደሚውል ይናገራል፤ 11፣ 11፣ 10፣ 10፣ 9፣ 8፣ 10፣ 9፣ 9፣ 8፣ 8፣ 7፣ 6። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11 ነው፣ እንዲህ እያለ ጳጉሜን 1 ሴፕቴምበር 6 ላይ ያልቃል። ፕሮግራሙ የተሰጠው ቀን በየትኞቹ ሁለት መባቻዎች መካከል እንዳለ አይቶ ልዩነቱን ይቆጥራል። የዚያን ዓመት ብዙ ቀናት ከግድግዳ ካላንደር ጋር አመሳከርሁ፤ አንድም አልሳተም። «ተፈትኗል» ብዬ ጻፍሁና ለቡድኑ ላክሁ።

ፈተናው እውነተኛ ነበር፤ ጉድለቱ የተፈተነው ዓመት ነው። የእኛ ትርፍ ቀን ጳጉሜን 6 ሲሆን የእነርሱ ፌብሩዋሪ 29 ነው። ሁለቱም በየአራት ዓመቱ ይመጣሉ፤ ነገር ግን የእኛ ቀድሞ፣ የእነርሱ ከወራት በኋላ ይደርሳል። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ባለው ግማሽ ዓመት መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፤ የሠንጠረዡ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ያንሳሉ። 2013፣ 2014 እና 2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሴፕቴምበር 11 የጀመሩ ዓመታት ናቸው። ስለዚህ ቁራጩ ከላክሁበት ቀን ጀምሮ እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ድረስ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ያለ እንከን ሠራ። በማግሥቱ ጳጉሜን 6 ሆኖ ሳለ እርሱ «መስከረም 1 ቀን 2016» አለ፤ ከዚያም እስከ የካቲት 30 ድረስ በአንድ ቀን እየቀደመ ተጓዘ።

ይህን ያወቅሁት በኅዳር 2016 ዓ.ም. ነው። ከእኔ ሦስት ዓመት ዝቅ ብሎ የተማረ አንድ ልጅ ለአንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክትባት መመዝገቢያ በነፃ ሠርቶ ነበር። ፕሮግራሙ ሕፃኑ የተከተበበትን ቀን ከኮምፒውተሩ ወስዶ 28 ቀን ይጨምርና የሚቀጥለውን ቀጠሮ በእኛ አቆጣጠር አትሞ ካርዱ ላይ ያወጣል። በዚያ ጤና ጣቢያ ክትባት የሚሰጠው ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር። አንድ የቢሲጂ ወይም የኩፍኝ ብልቃጥ ለብዙ ሕፃናት የሚሆን ሲሆን ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓታት ጊዜ ውስጥ ያልተሰጠው ስለሚጣል፣ ሕፃናቱን በአንድ ቀን መሰብሰብ ግድ ይላል። ማክሰኞ ላይ 28 ቀን ሲጨመር ማክሰኞ ይሆናል፤ ካርዱ ላይ የሚታተመው ቀን ግን ረቡዕ ነበር። የዕለቱ ስም ስለማይታተም ማንም አላስተዋለም።

መመዝገቢያው ሥራ የጀመረው በመስከረም ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ተቀጣሪዎች ጥቅምት 6 ቀን ይጠበቁ ነበር። ግማሾቹ መጡ፤ «ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ» ተብሎ በቃል የተነገራቸውን ያስታወሱት ማለት ነው። ካርዱን ያመኑት፣ ልጆቻቸውን ያስነበቡት ወይም ራሳቸው ያነበቡት፣ በማግሥቱ ደረሱ። ቀናቸው ትናንት እንደነበር ተነግሯቸው ለሚቀጥለው ማክሰኞ እንዲመለሱ ተደረገ። እንዲህ ስድስት ማክሰኞ አለፈ። በወሩ ሪፖርት ላይ ምክንያቱ «እናቶች የቀጠሮ ቀን ያምታታሉ» ተብሎ መጻፉን ያ ልጅ በኋላ ነገረኝ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚከብደኝ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

ነገሩን የገለጠችው አንዲት እናት ናት። ኅዳር 12 ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ልጇን አዝላ ከሩቅ ቀበሌ መጣች። ነርሷ እንደ ተለመደው «ቀንሽ ትናንት ነበር እኮ፣ እናቴ» አለቻት። እርስዋም «ሲስተር፣ ካርዱ ኅዳር 12 ነው የሚለው። ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አልፌ ነው የመጣሁት። ቀኑን እኔ አላምታታሁም» ብላ መለሰች። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ክርክሩ በዚያው ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ኅዳር ሚካኤል ግን የማይካድ ቀን ነው። ነርሷ ካርዱን ተቀብላ ከግድግዳው ካላንደር ጋር አስተያየች፤ ከዚያም የሌሎችን ካርዶች አወጣች። ሁሉም ረቡዕ ነበሩ።

ማታ ስልኬ ጮኸ። «ያ የቀን መቀየሪያህ ችግር ያለበት መሰለኝ» አለኝ ልጁ፤ ድምፁ ወቀሳ አልነበረበትም፣ እንዲያውም ያፈረው እርሱ ነበር። ኮዱን ከፈትሁ። ከላዩ «ተፈትኗል» የሚለው ቃሌ እንዳለ ተቀምጧል። መቼ፣ በየትኛው ዓመት፣ ከምን ጋር ተመሳክሮ እንደሆነ አንድም ነገር አይልም።

ያን ሌሊት ያሳፈረኝ ነገር ግን ሌላ ነው። አያቴ የሉቃስ ዘመን አልፎ የዮሐንስ ዘመን ሲገባ «ዘንድሮ ገና ታኅሣሥ 28 ነው» ማለት ልማዳቸው ነበር። ምክንያቱንም ይነግሩን ነበር፤ ከመጋቢት 29 ጽንሰት እስከ ልደት ያለው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን እንዳይዛነፍ፣ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ልደት በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል። በ2012 ዓ.ም. ገናን ታኅሣሥ 28 ቀን ከቤተሰቤ ጋር አክብሬያለሁ። ቁራጩን የቀዳሁት ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ያስቀመጡትን ልዩ ሁኔታ በገበታ ላይ አውቀው ነበር፤ ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን ያ እውቀት ከሥራዬ ጋር የሚገናኝ መስሎ አልታየኝም። ለአንድ የኮድ ችግር መልስ ስንፈልግ ወደ ውጭ ብቻ መመልከት የለመድን ይመስለኛል፤ ስለ ራሳችን ካላንደር እንኳ።

ማረሚያው አንድ መስመር ነው። መጪው ፌብሩዋሪ 29 ቀን ያለው ከሆነ ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉትን ስድስት ቁጥሮች በአንድ ማሳደግ፣ ቀሪዎቹን እንዳሉ መተው፣ ጳጉሜንንም ስድስት ቀን ማድረግ ነው። ጤና ጣቢያው በዚያው ሳምንት ታረመ፤ የተበተኑ ካርዶች ግን በእጅ መታረም ነበረባቸው፣ ነርሷም ይህን ሠራች።

የቀረው ሥራ ቁራጩን ከተበተነበት መሰብሰብ ነበር፤ ይህም እንደማይቻል ያወቅሁት ስጀምረው ነው። ጊትሃብ ላይ ያለውን ማረም አንድ ደቂቃ ፈጀ። ጊትሃብ ግን የተቀዳውን አይከተልም። በቴሌግራም የተላከው፣ በፍላሽ የሄደው፣ ከአንዱ የመመረቂያ ፕሮጀክት ወደ ቀጣዩ ዓመት ተማሪ የተላለፈው ወደ እኔ የሚመልስ ምንም ምልክት የለውም። ለቡድኑ ጻፍሁ፣ የማስታውሳቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ደወልሁላቸው። ሰባት ሰዎች ቁራጩን እንደ ተጠቀሙበት ነገሩኝ፤ ከእነርሱ ሁለቱ ከእኔ ሳይሆን ከሌላ ሰው አግኝተውታል። አራቱ ወዲያው አረሙ። አንዱ ፕሮግራሙ ሥራ ላይ እንዳልዋለ ነገረኝ። የቀሩት ሁለቱ «እናየዋለን» አሉ።

እስኪያዩት ድረስ መጋቢት ገባ። የዚህ ስሕተት ክፉ ጠባይ እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ሳይነካው በራሱ ይድናል። መጋቢት 1 በማንኛውም ዓመት ማርች 10 ስለሆነ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠንጠረዡ እንደገና ትክክል ይናገራል። ከሁለቱ አንዱ በሚያዝያ ደውሎ «አየሁት፣ ምንም ችግር የለበትም» አለኝ። እውነቱን ነው። በዚያ ቀን ምንም ችግር አልነበረበትም።

ከዚህ በኋላ ፋይሌን ከመጀመሪያው አንሥቼ ሳነብ ያስተዋልሁትን ልጻፍ። ኮዱ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ ማንበብ ለሚችል ሰው «ቀን ይቀይራል» የሚለው ማብራሪያ ትርፍ ነው። ኮዱ የማይናገረው ልክ የሚሆንበትን ወሰን ነው፤ የት እንደ ተገኘ፣ በምን እንደ ተፈተነ፣ በየትኛው ቀን ወይም በምን ዓይነት መረጃ ላይ እንደሚሰበር። እኔ ስሰበስብ የኖርሁት የመጀመሪያውን ነው። ያረምሁት ሠንጠረዥ እንኳ ወሰን አለው። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1900 ትርፍ ቀን አልነበረውም፣ በ2100ም አይኖረውም፤ የእኛ ግን በየአራት ዓመቱ ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ስለዚህ ከ1900 በፊት ያለ የታሪክ ሰነድ ቀን ለመለወጥ የሚፈልግ የታሪክ ተመራማሪ ይህን ቁራጭ ቢጠቀም ይሳሳታል። ይህም አሁን ከላዩ ተጽፏል።

በምርምር ጽሑፎቻችን ላይ ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ምንጭ እንድንጠቅስ እንጠየቃለን፤ ተገቢም ነው። በአባሪው ላይ ለሚታተመው 40 መስመር ኮድ ግን ከየት እንደ መጣ የጠየቀኝ መርማሪ አላጋጠመኝም። ጉዳዩ የባለቤትነት ብቻ አይደለም። ምንጩ ቢጻፍ ኖሮ ስሕተት ሲገኝ መንገዱን ወደ ኋላ ተከትሎ መሄድ፣ ከዚያም ወደ ሌሎቹ ቅጂዎች መድረስ ይቻል ነበር።

ማብራሪያ መጻፍ ብቻውን እንደማይበቃም በዚያው ሰሞን ተማርሁ። ያረምሁትን ቁራጭ ከረጅም ማስታወሻ ጋር ለልጁ ላክሁለት፤ ከወር በኋላ ፕሮግራሙን ስመለከት ኮዱ አለ፣ ማስታወሻው የለም። አማካሪው ንጹሕ ኮድ ስለሚወድ እንዳጠፋው ነገረኝ። አልተቆጣሁም፤ እኔም የሌላውን ሰው ማብራሪያ ስንት ጊዜ እንዳጠፋሁ አውቃለሁና። ስለዚህ ወሰኑን ከማብራሪያው አውጥቼ ወደ ኮዱ አስገባሁት። አሁን እያንዳንዱ ቁራጭ ከራሱ ፈተና ጋር ይሄዳል፤ ለቀን መቀየሪያው ሦስት ፈተናዎች አሉት። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጳጉሜን 6 ቀን 2015 መሆን አለበት። ጃንዋሪ 7 ቀን 2024 ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 መሆን አለበት። ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ጥር 11፣ የጥምቀት ዕለት፣ መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ቢሳሳት ፕሮግራሙ አይነሣም። ሁለተኛውን ፈተና «ገና በዘመነ ዮሐንስ» ብዬ ሰይሜዋለሁ፤ ስሙን አይቶ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቀኝ ተማሪ አልጠፋም፣ በመልሱም ላይ አንድ ስኒ ቡና ያልቃል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ሁሉ ልፋት ጊዜው ያለፈበት ነው ይሉኛል። የዛሬ የድር ማሰሻዎች የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ራሳቸው ያውቃሉ፤ በጃቫስክሪፕት ቀን ማሳያ ላይ መምረጥ ብቻ ይበቃል። እውነት ነው፣ እኔም ቀን ለማሳየት አሁን በዚህ እሠራለሁ፣ ሌላውም እንዲሠራበት በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ጽፌያለሁ። ነገር ግን ያ መሣሪያ ቀንን ያሳያል እንጂ ተጠቃሚው በእኛ አቆጣጠር የሞላውን ቀን ወደ ጎርጎርዮስ አይመልስም። ለመመለሻው ሰው አሁንም ሠንጠረዥ ይፈልጋል፤ ሠንጠረዥ ሲፈልግም የሚያገኘው ብዙ ጊዜ 13 ቁጥሮች ያሉትን ነው።

«እናየዋለን» ካሉት ከሁለቱ አንዱ፣ ያ በሚያዝያ የደወለልኝ፣ በኋላ አርሞታል። ሁለተኛው ቁራጩን ለአንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ተጠቅሞበታል፤ የብድር መክፈያ ቀን የሚያወጣ፣ ከቀኑ ያለፈውንም ቅጣት የሚያስከፍል ፕሮግራም ነው። ልጁ አሁን ውጭ አገር ነው፣ ለመልእክቶቼም መልስ አልሰጠም። ወደ ማኅበሩ ሄጄ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛዋ በትሕትና አስተናገዱኝ፤ ፕሮግራሙ በደንብ እየሠራ መሆኑን፣ የሠራው ሰው ካልሆነ ማንም እንዳይነካው መታዘዛቸውን ነገሩኝ። በ2016 መስከረም ምን እንደ ሆነ ስጠይቃቸው ፕሮግራሙ የተተከለው በግንቦት እንደሆነ አስረዱኝ። ስልክ ቁጥሬን ትቼላቸው ወጣሁ።

የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። በስልኬ ለሐምሌ 2019 ማስታወሻ አስይዤአለሁ። መጀመሪያ የጻፍሁት «ማኅበሩ ዘንድ ደውል» የሚል ነበር። ባለፈው ሳምንት ሳየው ለምን እንደምደውል የሚናገር ቃል አጣሁበት፤ እኔ ራሴ ብረሳውስ ብዬ እንደገና ጻፍሁት፦ «ሠንጠረዡ 13 ቁጥር ነው። ከጳጉሜን 6 በፊት የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ በአንድ መጨመር አለባቸው። የሠራው ልጅ የለም። የሒሳብ ሠራተኛዋን ጠይቅ፤ ከተቀየሩ በአካል ሂድ።»